ጉደር ላይ የተቀበረው ጆሮ

እስቲ ቀረብ በሉ። እሳቱ ገና ነው፣ ሌሊቱም ረጅም ነው፤ የማወጋችሁ ነገር ደግሞ ከጭልሞ ጫካ ተነሥቶ አፋር በረሃ ድረስ የሚወርድ ነውና ቸኩለን አንዘልቀውም።

ጭልሞን የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማያውቀው ልንገረው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትሄዱ ሆለታን ታልፋላችሁ፣ አዲስ ዓለምን ታልፋላችሁ፣ ከዚያም ጊንጪ ስትደርሱ በስተቀኝ ወደ ሰሜን ቀና ብላችሁ ብታዩ ተራራውን የለበሰ ጠቆር ያለ ደን ታያላችሁ። ጭልሞ እሱ ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው ተደጋግፎ ቆሟል፤ ማለዳ የገባበት ሰው ጉሙ ገና ከቅርንጫፉ ሳይወርድ ያገኘዋል፣ ጉሬዛው ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘልም የጤዛው ጠብታ አንገቱ ላይ ያርፋል። ከደኑ ሥር ውሃ ይፈልቃል። ትንሽ ናት፣ ሕፃን ልጅ ዘሎ ይሻገራታል፤ ግን እሷና መሰሎቿ ከዚህ ከደንዲ ደጋ ተጠራቅመው አዋሽ ይሆናሉ። አዋሽም የበቾን ሜዳ ያቋርጥና ቆቃ ይገባል፣ ከቆቃ ወጥቶ ወንጂን ያጠጣል፣ ከዚያም መተሐራ ይደርሳል፣ በፈንታሌ ተራራ ግርጌ ያልፋል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ሰባት፣ ከዚያም ወደ ገዋኔ፣ ከዚያም ወደ አሳይታ ይወርዳል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞም ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። የጭልሞ ሰው የሚጠጣውን ውሃ የአፋር አርብቶ አደርም ይጠጣዋል ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም 26፣ እሑድ ማታ፣ እኔ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ነበርሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ራት በልተን ቡናው ቀርቦ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ዐልፎ ጥቂት ደቂቃ እንደሄደ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች እርስ በርሳቸው መነካካት ጀመሩ። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። ከዚያ የተቀመጥሁበት ሶፋ ልክ ሰው ከኋላ እንደያዘው ወዝወዝ አለ፣ ከዚያ አምፖሉ ዞረ፣ ከዚያ እህቴ «እግዚኦ!» ብላ ጀበናውን በሁለት እጇ ያዘች። ለምን ጀበናውን እንደያዘች እሷም አታውቀው፤ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ በእጁ አጠገብ ያገኘውን ይይዛል። በደረጃው ወረድን። ግቢው ሰው ሞልቶታል፤ ልጅ ያቀፈ አለ፣ ባዶ እግሩን የወጣ አለ፣ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ተከናንበው ግድግዳ ሳይጠጉ መሐል ሜዳ ላይ ቁጭ ብለዋል። «እናቴ በልጅነቴ እንዲህ ሲሆን ከቤት ውጡ ትለን ነበር» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አየና «ፈንታሌ ነው፤ 4.9 ነው፤ ጥልቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ይላል» አለ። እኔም ፈንታሌ ሲል ልቤ ወደ አዋሽ ሄደች። ልጁ የመሬት ነገር የሚማር ነውና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ። «ይህችን 10 ኪሎ ሜትር ያልኳትን አትመናት። አልተለካችም። ከመናወጡ አጠገብ መሣሪያ ሳይኖር ሲቀር ኮምፒውተሩ ጥልቀቱን ማወቅ ያቅተዋል፣ ያን ጊዜ 10 ብለው ያስቀምጡታል።» እኔም ደነገጥሁ። ከመናወጡ ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ከዚያ ሌሊት በኋላ በየዜናው «ጥልቀቱ 10 ኪሎ ሜትር» ሲባል በሰማሁ ቁጥር የማይታወቅን ነገር በቁጥር እንደሸፈኑት ይሰማኝ ጀመር።

አሁን ነገሩን ላስረዳችሁ፣ ጭልሞ ውስጥ ከብት የጠበቀ ሰው ፈጥኖ ይገባዋል። ሐምሌ ላይ መብረቅ ሲያበራ ብርሃኑን ወዲያው ታያላችሁ፣ ነጎድጓዱ ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ በመካከላቸው ያለውን ጊዜ ቆጥራችሁም መብረቁ የት እንደወደቀ ትገምታላችሁ። መሬትም ስትናወጥ ሁለት መልእክተኛ አብራ ትልካለች። ፊተኛው ፈጣን ነው፣ ኋለኛው ዘገምተኛ ነው፤ ሰውን የሚያንገጫግጨው አብዛኛውን ጊዜ ኋለኛው ነው። መሣሪያው ፊተኛውን ይመዘግባል፣ ከዚያ ኋለኛውን ይጠብቃል፣ በመካከላቸው አንድ ሰከንድ በሄደ ቁጥር ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ይቆጥራል። አንድ መሣሪያ ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን አያውቅም። ሁለት ሲሆኑ ነገሩ ይጠባል፣ ሦስት ሲሆኑ ቦታው ይያዛል፤ ጥልቀቱን ለመያዝ ግን ከመካከላቸው አንዱ በቅርብ፣ ከመናወጡ አናት ላይ ሊሆን ይገባል። ጥልቀት ደግሞ የዋዛ ነገር አይደለም። ከሥር ያለው ቅልጥ ዓለት ወደ ላይ እየወጣ ነው ወይስ ባለበት አለ የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ጥልቀቱ ውስጥ ነው።

መሬታችን ስትናወጥ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ፣ በምኒልክ ዘመን፣ ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መናወጥ አዲስ አበባን አስጨንቋል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ካራቆሬ ከምትባል ቦታ የተነሣው መጣ፣ ማጀቴ የምትባለው ከተማም ፈረሰች። በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ የምትባለው ከተማ ወደቀች፣ ሰውም ሞተ። ይህን ሁሉ የሰበሰበልን ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን ናቸው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1957 የጂኦፊዚክስ ማዳመጫውን ያቋቋሙ፣ ከዚያም የየዘመኑን ዜና መዋዕልና የመንገደኛውን ማስታወሻ አገላብጠው በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የደረሰውን መናወጥ በአንድ መጽሐፍ ያኖሩ ሰው ናቸው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። ያ ማዳመጫ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የህዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ነው። አዲስ አበባ አጠገብ ባለው ፉሪ ተራራ ላይም የዓለም መረብ አካል የሆነ ጣቢያ አለ፤ የሚሰማውን ለፈለገ ሁሉ ይሰጣል። ግን አንድ ጆሮ ፉሪ ላይ ቢኖር ፈንታሌ ላይ የሚንሾካሾከውን እንዴት ብሎ ይለየዋል?

ለዚህ ነው ጊዜያዊ ጣቢያ የሚባለው የመጣው። አንድ ቦታ ለሁልጊዜ የሚቆም ትልቅ ቤት መሥራት ገንዘብና ዓመታት ይፈልጋል፣ መሬት ደግሞ አትጠብቅም። ስለዚህ መሣሪያውን በመኪና ጭኖ፣ ነገሩ ወዳለበት ወርዶ፣ ጥቂት ወራት ወይም አንድ ሁለት ዓመት አዳምጦ መመለስ ነው። መፍጠን ያለበትም ምክንያት አለው። ፉሳኪቺ ኦሞሪ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1894 እንዳሳየው፣ ከትልቅ መናወጥ በኋላ የሚከተሉት ትናንሾቹ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ግን እያነሱ ይሄዳሉ፤ በአሥረኛው ቀን የፊተኛውን አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናሉ። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ዱካ እንደመከተል ነው። ያመለጠ ዱካ አይመለስም።

አተካከሉን ልንገራችሁ፣ እጅ የሚነካው ነገር ነውና ደስ ይለኛል። መሣሪያውን የሚተክሉት ልጆች መኪናቸውን ከመንገድ ያወጡና ከጎማ ድምፅ፣ ከወፍጮ ቤት፣ ከትልቅ ዛፍ ራቅ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ። ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ ሥሩ መሬቱን ይነቀንቀዋል፣ መሣሪያውም ያን ሁሉ ይሰማል። ብዙውን ጊዜ የትምህርት ቤት ግቢ ወይም የገበሬ ማሳ ዳር ይሆናል። ባለቤቱን ይጠይቃሉ፦ «አባባ፣ ይህችን ጥግ ቢፈቅዱልን?» እሳቸውም «ምን ልትቀብሩ ነው ልጄ?» ይላሉ። መቅበር የሚለው ቃል ያስፈራልና ልጆቹ ቀስ ብለው ያስረዳሉ። ከዚያ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ከሥሩ ሲሚንቶ ይፈሳል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ መሣሪያው ይቀመጣል፣ በውሃ ልክ ይስተካከላል፣ በኮምፓስ ወደ ሰሜን ይዞራል። ከዚያ ይሸፈናል፣ አፈር ይመለስበታል። ከላይ ሶላር ይቆማል፣ ባትሪ ይቀመጣል፣ ሰዓቱን ከሳተላይት የሚያስተካክል ጂፒኤስ ይታሰራል፤ ሰዓት ካልተስተካከለ መልእክተኞቹን መቁጠር ከንቱ ነውና። በመጨረሻም ዙሪያውን እሾህ ይታጠራል፣ አንድ የአካባቢው ሰው ጠባቂ ይሆናል። የዚህን ጠባቂ ስም ማንም በመጽሐፍ አይጽፈውም፤ ሆኖም ሶላሩን ከአቧራ የሚጠርገው፣ ከብቱን ከአጥሩ የሚመልሰው እሱ ነው።

እኛ አገር ይህ ነገር በደንብ የተሠራበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002፣ በእኛ ከ1992 እስከ 1994 ዓ.ም.፣ 25 ገደማ ጊዜያዊ ጣቢያዎች በአገሩ ተተከሉ። ነቀምቴ አንድ፣ ጅማ አንድ፣ ፍቼ አንድ፣ ደብረ ማርቆስ አንድ፣ ጎባ አንድ፤ ከእነሱም አንዷ የኛዋ ጉደር ናት፣ ከአምቦ ቀጥላ ያለችው። ሌላዋ ደግሞ አዋሽ ናት፣ ወንዙ ከሚወርድበት ቆላ። ወንዙ በሚወለድበት ደጋ አጠገብ አንድ ጆሮ፣ ወንዙ በሚወርድበት ቆላ አንድ ጆሮ፣ ሁለቱ በአንድ ሰዓት እያዳመጡ ከረሙ። ሙሉጌታ ዱግዳ የሚባል ኢትዮጵያዊ ከባልደረቦቹ ጋር ያን ሁሉ መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን አወጣ፦ ከስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ያለው ደጋ ከሥሩ ያለው የምድር ቅርፊት ከ33 እስከ 44 ኪሎ ሜትር ይወፍራል፣ በዋናው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ከ27 እስከ 38 ነው። እኛ ወፍራሙ ላይ ቆመናል፣ ወንዙ ወደ ስሱ ይወርዳል። ከዚያም በ1995 ዓ.ም. ጥር አንድ ሺህ ያህል ትናንሽ መሣሪያዎች በመስመር ተደርድረው፣ ፈንጂ እየፈነዳ መሬቱ ልክ ሐኪም እንደሚመረምረው ደረት ተመታና ተደመጠ።

እኛም ብንሆን ወፍራሙ ላይ ነን ብለን መተኛት አንችልም። ከየረር ተነሥቶ ወደ ቱሉ ወለል የሚዘልቅ የስንጥቅና የእሳተ ገሞራ መስመር በአምቦ በኩል ያልፋል። የወንጪ ሐይቅና የደንዲ ሐይቅ የተኙበት ጉድጓድ የጥንት እሳት የቆፈረው ነው። የአምቦ ፍል ውሃ፣ ሰንቀሌ ላይ እየፈላ የሚወጣው ውሃ፣ ጠርሙስ ስትከፍቱ አፍንጫችሁን የሚነካው ያ ጋዝ፣ ሁሉም ከዚያው ከታች የመጣ ነው። እዚያ የሚታጠቡ ሽማግሌዎች ይህን በገዛ ገላቸው ያውቁታል።

አሁን ወደ ደመራ ዕለት ልውሰዳችሁ። በ1998 ዓ.ም. መስከረም 16፣ እዚህ ደመራ ሲቆም፣ አፋር ውስጥ ዳባሁ ከሚባለው ተራራ አጠገብ መሬት ተከፍታ አመድ ወጣ። ከዚያ በፊትና በኋላ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ3.9 በላይ የሆኑ 163 መናወጦች ተቆጠሩ። ቅልጥ ዓለት 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር አለያይቶታል። በጥቅምት ተመራማሪዎች መሣሪያ ይዘው ደረሱ፤ ከእነሱ መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ ነበሩ፣ ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር። ዋናው ነገር ዐልፎ ነበር፣ እነሱ ግን መሣሪያውን ተክለው ጠበቁ። ጠብቀውም በ1998 ዓ.ም. ሰኔ፣ ሌላ ቅልጥ ዓለት ከመካከል ተነሥቶ ሲጓዝ፣ ትናንሾቹ መናወጦች በሰዓታት ውስጥ ከፊቱ ፊቱ ሲሄዱ መሣሪያው መዘገበ። ቅልጥ ዓለት ከመሬት ሥር ሲራመድ እርምጃው ተሰማ ማለት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2010 ድረስ እንዲህ ያለ ነገር በድምሩ 14 ጊዜ ሆኗል። ያ በጥቅምት የተጣደፈ ጉዞ ባይኖር ኖሮ ከዚህ ምን ያህሉን እናውቅ ነበር?

ወደ 2017 ልመለስ። ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና ዶፈን በሚባለው ተራራ መካከል መሬቷ አላርፍ አለች። በታኅሣሥ መጨረሻ ከዶፈን ግርጌ እንፋሎትና ጭቃ ወጣ፣ በማግሥቱ ታኅሣሥ 26 ሌሊት ወደ አሥር ሰዓት ሲጠጋ 5.7 የሆነው መጣ፣ የካቲት 7 ሌሊት ደግሞ 6.0 ገደማ የሆነው። ቤት ፈረሰ፣ መንገድ ተሰነጠቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጡ፤ ግመሉን፣ ፍየሉን፣ ሕፃኑን ይዘው በዚያ አሸዋ ላይ ሸራ ዘርግተው አደሩ። የከሰም ግድብ ከዚያው አጠገብ ነው፣ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የሚይዝ፤ ከሥሩ የሚኖር ሰው እንዴት ብሎ እንቅልፍ ይወስደው?

በዚያ ወራት ብዙውን ነገር የነገሩን ከሰማይ የሚያዩት ናቸው። ሰንቲኔል የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት በየጊዜው እያለፈ መሬቱ ስንት እንደተለጠጠ ይለካል፣ ምስሉንም ማንም ሰው በነፃ ያወርደዋል። የእህቴ ልጅም አወረደው። ከፈንታሌ ወደ ዶፈን ቅልጥ ዓለት እየገባ መሬቱን ሲከፍተው በቀለም ተሥሎ አሳየኝ። እኔም ያን ቀለም አይቼ ዝም አልሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተቀመጠ ተማሪ ከማንም ደጅ ሳይጠና፣ ደብዳቤ ሳያጽፍ፣ የአገሩን መሬት ሕመም ማየት ቻለ።

መሬት ላይ የተተከለው መሣሪያ የሚሰማውስ? እዚህ ላይ ነው ነገሬ። መሣሪያ የሚያበድረው የአሜሪካኖቹ ማዕከል፣ ዛሬ ኧርዝስኮፕ የሚባለው፣ የቆየ ደንብ አለው፦ ጥናቱ ባለቀ በሁለት ዓመት ውስጥ መዝገቡ ለዓለም ሁሉ ይከፈት። ደንቡ ጥሩ ነው። ግን ሸራ ሥር ለሚያድር ሰው ሁለት ዓመት ምንድን ነው? መናወጡ ሳይበርድ ለተተከለ መሣሪያ መዝገቡ በዚያው ሳምንት መከፈት አለበት ብዬ አምናለሁ። ተመራማሪው የሚፈራውንም አውቃለሁ፤ በአፋር ፀሐይ የነደደው እሱ ነው፣ ሌላው በቀዝቃዛ ክፍል ተቀምጦ ቀድሞት እንዳይጽፍበት ይፈራል። ይህ ፍርሃት የሚናቅ አይደለም። መፍትሔው ግን የደከመውን በስሙ ማመስገንና ማስቀደም ነው፤ መዝገቡን ሣጥን ውስጥ መቆለፍ መፍትሔ አይሆንም።

ሃይቲ የምትባል አገር አለች። እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 2010 ታላቅ መናወጥ መጥቶ ዋና ከተማዋን አፈረሰ፤ ያን ጊዜ አገሪቱ መሬቷን የሚያዳምጥ የጣቢያ መረብ አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ራስቤሪ ሼክ የሚባሉ ትናንሽ፣ ዋጋቸው የማይከብድ መሣሪያዎች በተራ ሰዎች ቤት ተቀመጡ፤ ሰዎቹ መብራትና ኢንተርኔት ሰጧቸው፣ የሰሙትም ወዲያው ለሁሉም ይታይ ነበር። ነሐሴ 14 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. 7.2 የሆነው ሲመጣ ከማንም ይልቅ ቅርብ ሆነው ያዳመጡት እነዚያ የቤት ውስጥ ጆሮዎች ናቸው። ድሃ አገር ናት። ሰው በቤቱ ጥግ ሰጠ፣ የሰማውንም አልደበቀም።

የጉደሯ ጣቢያ ከተነሣች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ ምናልባት ዛሬ ጤፍ ይዘራበታል። እሷ የሰማችው ግን አልጠፋም፤ መዝገቡ ተከፍቶ ተቀምጧል፣ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ የቶኪዮ ፕሮፌሰር እኩል ያገኘዋል።

ስለዚህ እናንተ የጊንጪ፣ የጉደር፣ የአምቦ ሰዎች፣ ከእናንተም በታች በአዋሽ ዳር ያላችሁ፣ አንድ ቀን አቧራ የለበሰች መኪና ደጃችሁ ቆማ ልጆች ወርደው «አባባ፣ እማማ፣ ይህችን ጥግ ቢፈቅዱልን» ቢሏችሁ ፍቀዱላቸው። ውሃ ስጧቸው፣ እሾኹን አብራችሁ እጠሩ። ከዚያም ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ «ልጄ፣ ከደጄ የሰማኸውን ልጄ የት ሄዶ ያነበዋል?»